ከ93ሲ46 ቺፕ አድራሻ ሳነብ የሠራሁት ስሕተት

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ በገዛሁት ያገለገለ ኔትወርክ ካርድ ላይ የድራይቨር (ኮምፒውተሩ ካርዱን የሚያዝዝበት ፕሮግራም) አጻጻፍ እየተማርሁ ነው። ካርዱ አርቲኤል 8139 ቺፕ ያለው የቆየ ዓይነት ሲሆን፣ የመረጥሁት ርካሽ ስለ ነበረ ብቻ ሳይሆን፣ የማክ አድራሻው፣ ማለትም ካርዱ በኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር፣ የተጻፈባት ስምንት እግር ያላት የማስታወሻ ቺፕ (ኢኢፕሮም) ለብቻዋ ሆና በዓይን ስለምትታይ ጭምር ነው።

93ሲ46 የምትባለው ይህች ቺፕ የምትይዘው 1024 ቢት፣ ማለትም እያንዳንዳቸው 16 ቢት የሆኑ 64 ቃላት ብቻ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈባት አይጠፋም። ድራይቨሩ በካርዱ አንድ ሬጅስተር (ትእዛዝ የሚጻፍበትና የሚነበብበት ትንሽ ቦታ) ውስጥ ባሉ አራት ቢቶች የቺፗን መምረጫ፣ የሰዓት ምት፣ መላኪያና መቀበያ መስመሮች ይቆጣጠራል። መጀመሪያ 1ን የመነሻ ምልክት አድርጎ ይልካል፤ ከዚያ «አንብብ» ማለት የሆነውን 10ን፣ ቀጥሎም ባለ 6 ቢት የቃል ቁጥር ያስከትላል፤ በመጨረሻም በእያንዳንዱ የሰዓት ምት አንድ አንድ ቢት፣ ከከፍተኛው ጀምሮ፣ 16 ቢት ይቀበላል። ቺፗ ከፕሮሰሰሩ እጅግ የዘገየች ስለሆነች በምቶቹ መካከል መጠበቅ ግድ ነው። ሊኑክስ ከተባለው ሥርዓተ ክወና ጋር የሚመጣው የዚህ ካርድ ድራይቨር የሚጠብቀው ያንኑ ሬጅስተር መልሶ በማንበብ ነው፤ ንባቡ ቀደም ሲል የተላከው ትእዛዝ መንገድ ላይ ሳይቀር ካርዱ ዘንድ መድረሱንም ስለሚያረጋግጥ ዘዴውን በጣም ወደድሁት።

ማክ አድራሻ 48 ቢት በመሆኑ ሦስት ቃላት ይበቁታል፤ በዚህ ካርድ ከዜሮ ሲቆጠር 7፣ 8 እና 9 ቁጥር ያላቸው ናቸው። የተሳሳትሁት እዚህ ነው። የሊኑክስ ድራይቨር የእያንዳንዱ ቃል ዝቅተኛ ባይት (8 ቢት) ቀድሞ እንዲቀመጥ በግልጽ ሲያዝዝ፣ እኔ ያን መስመር ትርፍ መስሎኝ በራሴ መንገድ ስጽፈው ከፍተኛውን አስቀደምሁ፤ እያንዳንዱ ባይት በሁለት ምልክት (ከ0 እስከ 9 እና ከኤ እስከ ኤፍ) ሲጻፍ በ00፡ኢ0፡4ሲ መጀመር የነበረበት አድራሻም በኢ0፡00 ጀመረ።

ካርዱ ግን ሠራ! ሊኑክስ የሚከለክለው ሁሉም ዜሮ የሆነ አድራሻ ወይም የመጀመሪያው ባይት ዝቅተኛ ቢት 1 የሆነበትን ነው። ቺፗ ባዶ ስትሆን ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ስለሚነበብ ይህ ፍተሻ ይይዘዋል፤ የተገለባበጠውን የእኔን አድራሻ ግን ያለ ጥያቄ አሳለፈው። ቤት ውስጥ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቼ ስሞክረው ምንም እንከን አላየሁበትም።

ችግሩ የወጣው ከዚራ ሰፈር፣ ወዳጄ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ራውተሩ የሚያስገባው የተመዘገበ አድራሻ ብቻ ሲሆን፣ ወዳጄ ካርዱ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ገልብጦ መዝግቦልኝ ነበር። ራውተሩ እምቢ ሲል ኬብሉን ጠረጠርሁ፤ በዚያ ሙቀት የኬብሉን ጫፍ ቆርጬ አዲስ ኮኔክተር አሰርሁለት። በመጨረሻ ወዳጄ አጎንብሶ ሲያይ ቆየና «አቦ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውና ስክሪኑ ላይ ያለው አንድ አይደለም እኮ» አለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ባይቶች ደረጃ አውጪው ድርጅት አይትሪፕልኢ ለአምራቾች የሚያድላቸው መለያዎች ሲሆኑ፣ 00፡ኢ0፡4ሲ የአርቲኤል 8139 ቺፕ አምራች የሆነው የሪልቴክ ነው። ገና ቤት ሳለሁ እነርሱን ብቻ ባይ ኖሮ ስሕተቱ ይገለጥልኝ ነበር።

መስመሩን አስተካክዬ ድራይቨሩን እንደገና ስጭነው ራውተሩ ወዲያው ተቀበለው። ያለ ጥፋቱ የተቆረጠው ኬብል ግን ስላጠረ፣ ኮምፒውተሩ አሁን የተቀመጠው በሩ አጠገብ ነው።