ስድስት ደቂቃ

ከቡድናችን ፈጣኗ እኔ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 11 ቃለ መጠይቅ ጨርሼ ገባሁ። ማታ ኃላፊያችን በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስሜን ጠርቶ "እንዲህ ነው እንጂ!" አለ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ያቺን ሌሊት ሳስታውሳት እስከ ዛሬ ያመኛል።

ጊዜው ኅዳር 2012 ነው፤ ቦታው ጎንደር። በአንድ ዓለም አቀፍ የሕፃናት እርዳታ ድርጅት የፖሊሲ ጥናት ክፍል ውስጥ ለስድስት ወር ኢንተርን ሆኜ ገብቼ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ከሰው ጋር መጣላት አልፈልግም፤ ነገሩ ግን ይታወቅልኝ። ሥራችን በከተማዋ ጉልበታቸውን ሸጠው የሚያድሩ ልጆችን ማጥናትና ለአስተዳደሩ የሚቀርብ አጭር የፖሊሲ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በንባብ አለፉ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 አነበብኩ። ከዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 138ን እና 182ን አነበብኩ። አዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያኔ ገና ትኩስ ነበር። ዝቅተኛውን የመቀጠሪያ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጎታል። ከ15 እስከ 18 ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም ማሠራት ክልክል ነው። ይህን ሁሉ በቃሌ ይዤ ነበር። ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ፊልድ ወጣን። ጓደኛዬ ፒያሳና ቅዳሜ ገበያ ደረሰው፤ ሊስትሮዎች፣ ጀብሎዎች፣ የታክሲ ረዳቶች። ለእኔ አዘዞ ደረሰኝ፤ ከቤት ቤት እየዞርኩ ሴቶቹን ልጆች እንድጠይቅ። እሱ አንዱን ልጅ ለመጨረስ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። እኔ በስድስት ደቂቃ ከግቢ እወጣለሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሴቶቹ ጨዋ ስለሆኑና ወሬ ስለማያበዙ ነው ብዬ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ግቢ ገባሁ። የቤቱ እመቤት በደንብ ተቀበለችኝ። ቡና ሊፈላ ነው፣ ተቀመጪ አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ይህን ደግሜ ማለት እፈልጋለሁ። የአሳዳጊ ፈቃዱን አንብባ ፈረመችልኝና ልጅቷን ከጓሮ ጠራቻት። ከበረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጥን፤ ሰው ያየናል፣ ግን አይሰማንም። ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው። ፈቃጇ ራሷ አሠሪዋ መሆኗ ያን ጊዜ አልታየኝም።

ልጅቷ ከ13 አትበልጥም። ከበለሳ ነው የመጣችው። ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ስለተነሣች እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር።

"ትማሪያለሽ?"

"አዎ፣ ማታ። አራተኛ ክፍል ነኝ።"

"ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ሥራ ሠርተሻል?"

"ኧረ አልሠራሁም። እኔ እኮ ከአክስቴ ጋር ነው ያለሁት።"

"የለም" የሚለውን ነካሁ። ታብሌቱ ከጥያቄ 14 ወደ ጥያቄ 31 ዘለለ። በመሃል ያሉት ስለ ሥራ ሰዓት፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ጉዳትና ስለ ድብደባ የሚጠይቁ ነበሩ። "አልሠራም" ላለ ልጅ አያስፈልጉም ተብሎ ነው የተሠራው። የቀሩትን ሁለት ሦስት ጥያቄዎች ጨረስኩና አመሰግናለሁ ብዬ ታብሌቱን ዘጋሁ።

አልተነሣችም።

"አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ።"

"ሌላ አይጠይቁኝም?"

"ምን ልጠይቅሽ?"

ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ አየች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እንጃ። እኔማ ብዙ የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር።"

አንድ ነገር ጉሮሮዬን ያዘኝ። የቅያሜ አነጋገር አልነበረም። የተናገረችው ሊያወራት የመጣ ሰው ሳይቀመጥ እንደሚሄድባት ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ስሄድ ለቀጣዩ ቤት እየቸኮልኩ ነበር።

መጠይቁ መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ አለች። "ሌላ መጨመር የምትፈልጊው ነገር አለ?" ትላለች። ግዴታ ስላልሆነች በሁለቱ ቀናት ውስጥ አንዴም አንብቤያት አላውቅም። ታብሌቱን መልሼ ከፈትኩ። ጥያቄዋን አነበብኩላት። ዝም አለች። "እሺ፣ ትናንት ከተነሣሽ ጀምሮ እንዴት እንደዋልሽ ንገሪኝ" አልኳት።

ነገረችኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች። እሳት ታነዳለች፣ ቁርስ ትሠራለች፣ ሁለቱን ልጆች አልብሳ ትምህርት ቤት ታደርሳለች። ተመልሳ ቤት ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ምሳ ትሠራለች። በሁለት ቀን አንዴ እንጀራ ትጋግራለች። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። 2 ሰዓት ላይ ትመለስና ዕቃ ታጥባለች፣ ለነገ ታሰናዳለች። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ተራው ሌሊት ሲደርስ ጀሪካኖቹን የምትሞላው እሷ ናት። ጎንደር የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቧንቧው ሲንፏቀቅ ሰምቶ የሚነሣ አንድ ሰው በየግቢው አለ።

"ደሞዝ አለሽ?"

"የለኝም። ልብስ ይገዙልኛል። ለፋሲካ ደግሞ ለእናቴ ብር ይላካል።"

"አክስትሽ የእናትሽ እህት ናት የአባትሽ?"

"አይ፣ ዘመድ አይደለንም። አክስቴ በያት ስላሉኝ ነው።"

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ደመርኩት። ውኃውን ሳልቆጥር በቀን 14 ሰዓት ገደማ መጣ። ሕጉ ከእሷ በዕድሜ ለሚበልጥ ልጅ ከፈቀደው እጥፍ ማለት ነው። ዩኒሴፍ ከ5 እስከ 14 ዓመት ላለ ልጅ የገዛ ቤተሰቡ የቤት ውስጥ ሥራ እንኳን በሳምንት 21 ሰዓት ከደረሰ የልጅ ጉልበት ብዝበዛ ብሎ ይቆጥረዋል። እሷ 21 ሰዓቱን በአንድ ቀን ተኩል ትጨርሰዋለች። በእኔ ታብሌት ውስጥ ግን አትሠራም።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሌሊቱን አልተኛሁም። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል። ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት ሁለቱ ተመሳክረዋል። ሁሉም ገጥሟል። "ሥራ" ትክክለኛው ቃል ነው። ግን በእኛ አፍ "ሥራ አለሽ?" ማለት ደሞዝ አለሽ ወይ ማለት ነው። እናቴ አራት ልጅ አሳድጋለች፤ ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ሁላችንን አስተምራ። ሥራሽ ምንድን ነው ስትባል ግን "ሥራ የለኝም፣ ቤት ነው የምውል" ነው መልሷ። እኔ በዚህ አማርኛ ያደግሁ ልጅ ይህን ለማየት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ሌላም ነገር ነበረበት። በጥናት ሥራ አንድ ቤተሰብ ማለት አብሮ የሚኖርና ከአንድ ማዕድ የሚበላ ነው። ልጅቷ እዚያው ታድራለች፣ ከዚያው ድስት ትበላለች። ስለዚህ የቤተሰቡ አባል ሆና ትመዘገባለች፤ ድካሟም ልጅ እናቱን እንደማገዝ ይታያል። ሰው ቤት የምትሠራ መሆኗ የሚታወቀው ዝምድናዋ ሲጠየቅ ብቻ ነው። እኛ ደግሞ "አክስቴ" ስትል አምነን አለፍን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁም ቢሆን የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ለሌላ ደንብ ትቶ በቀጥታ አይገዛውም። ያቺ ልጅ በሕጉም በቁጥሩም በኩል ሾልካ ወጥታለች።

ከእሷ በፊት 23 ልጆች ጠይቄ ነበር። 21ዱ "አልሠራም" ብለውኛል።

ጠዋት ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ። የእያንዳንዱ ቃለ መጠይቅ መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓት ታብሌቱ ውስጥ ስለሚመዘገብ እሱን ይዤ ነበር። የእኔ ስድስት፣ ሰባት፣ ስድስት። የጓደኛዬ አርባ፣ አርባ ሁለት። ጥያቄ 14 ይስተካከል፣ ወደ 23ቱም ልመለስ አልኩት።

"አይቻልም" አለኝ። "መጠይቁ ጸድቋል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያየው ይሄን ነው። አሁን ብንቀይር የእስከ አሁኑና የሚቀጥለው አይነጻጸርም።"

"እሺ፣ ቢያንስ ላብራራላቸው።"

"ለአንዷ አብራርተሽ ለሌላዋ ካላብራራሽ መረጃው ይበላሻል። ይሄን በሥልጠናው ተነጋግረናል።"

"እነዚህ ልጆች እኮ በቀን 14 ሰዓት ይሠራሉ። እኛ አይሠሩም ብለን ልንጽፍ ነው።"

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "አንቺ ኢንተርን ነሽ፤ መረጃ ሰብስቢ" አለኝ።

ያቺ ንግግር አልወጣችልኝም። የሚያናድደኝ ከፊል ትክክል መሆኑ ነው። ፊልድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጥያቄውን እንዳሻው ከለወጠ ጥናት የሚባል ነገር አይኖርም። ዛሬ እኔም መረጃ ሰብሳቢዎች ሳሠለጥን ይህንኑ ነው የማስተምረው። ግን መጠይቁን መንካት አይቻልም ማለትና ያየሽውን አታምጪ ማለት ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያውን ተቀበልኩ። ሁለተኛውን አልተቀበልኩም።

የመጨረሻዋ ጥያቄ ጸድቃለች። ኮሚቴው አይቷታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም ሳልዘል አነበብኳት፤ የነገሩኝንም ቃል በቃል ጻፍኩ። የ19 ልጆች ውሎ። ቁጥሬ በቀን ወደ አራት ወረደ። በግሩፑ ላይ ስሜ ዳግመኛ አልተጠራም። ወደ 23ቱ ለመመለስ የትራንስፖርት በጀት የለም ተባልኩ። በራሴ ገንዘብ ልሂድ ስል ያለ ፈቃድ ከሄድኩ መረጃው ተቀባይነት እንደሌለው ተነገረኝ። አልተመለስኩም። ከነገሩ ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው።

ረቂቁ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ለባለድርሻ አካላት ቀረበ። ግራፉ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤ የወንዶቹ ዓምድ ረጅም፣ የሴቶቹ አጭር። የውሳኔ ሐሳቦቹ ስለ ሊስትሮና ስለ ጀብሎ ነበሩ። ከኋላ አንዲት የቀበሌ ባለሙያ እጇን አወጣች።

"ይቅርታ፣ እኔ እዚሁ ነው ተወልጄ ያደግሁት። በየግቢው አንዲት ልጅ አለች። እሷ እዚህ ግራፍ ላይ የት ናት?"

ኃላፊያችን በጥናቱ ውስንነት ክፍል ተጠቅሷል አለ።

"ስንተኛው ገጽ ላይ?"

አባሪ 3 ነበር። አዳራሹ ውስጥ የያዘው ሰው አልነበረም፤ ለመድረኩ የታተመው ያለ አባሪ ነው። እኔ ግን ይዤው ነበር። እጄን አወጣሁና የበለሳዋን ልጅ ውሎ አነበብኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ባለሙያዋ ቁጭ እንዳለች "ይኸው፣ አገኘኋት" አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ በመጨረሻው ጽሑፍ ውስጥ የልጆቹን ውሎ በግማሽ ገጽ ያስገባው ራሱ ኃላፊያችን ነው። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ግራፉ ግን አልተነካም። ዛሬም አንድ ሰው ያንን ጽሑፍ ቢያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ግራፉን ነው።

በቅርቡ የአዲሱ ዙር መጠይቅ አስተያየት እንድሰጥበት ተላከልኝ። ጥያቄ 14 ተለውጧል። "ትናንት ከእንቅልፍሽ ስትነሺ መጀመሪያ ምን አደረግሽ?" ብሎ ይጀምርና ሰዓት በሰዓት ይሄዳል። ዝምድናም ለብቻው ይጠየቃል፤ እናትና አባትሽ የት ናቸው ይላል። መግቢያው ላይ "ከቀደመው ዙር በተገኘ ትምህርት መሠረት የተሻሻለ" ይላል። ትምህርቱ ከማን እንደተገኘ አይልም። የእኔ ስም ባይኖር ግድ የለኝም። ለእሷ ግን አንድ መስመር ይገባት ነበር።

ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። "ሌላ መጨመር የምትፈልጊው ነገር አለ?" የምትለዋ ጥያቄ የለችም። ቃለ መጠይቁ ስለረዘመ ጊዜ ለመቆጠብ ወጥታለች የሚል ማስታወሻ ጎኗ ላይ ተጽፏል።

ትመለስ፣ ግዴታም ትሁን ብዬ ጽፌ ላክሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው።