አርባ ቅጂ ያስጣለኝ ማርክአፕ

ኮምቦልቻ እየኖርኩ ደሴ የማታ ተማሪዎችን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አስተምራለሁ። ማስታወሻ በአማርኛ ላዘጋጅላቸው ስነሳ ማርክአፕ፣ ማለትም ጽሑፉ እንዴት እንደሚታይ በምልክት የሚነገርበትን የአጻጻፍ ዘዴ፣ መምረጥ የአንድ ምሽት ሥራ ነበር የመሰለኝ። ዎርድን ወዲያው ተውኩት፤ ኮድ ስጽፍበት ቀጥ ያለውን ትምህርተ ጥቅስ ያጎብጠዋል፣ ፓይተን ደግሞ ጎባጣውን አይቀበልም። የድረ ገጾች ማርክአፕ የሆነው ኤችቲኤምኤል በእጅ ሲጻፍ ያሰለቻል። የፓይተን ይፋ ሰነዶች የሚጻፉት ሪስትራክቸርድቴክስት በሚባል ማርክአፕ ስለሆነ፣ ከባለቤቱ በላይ ማን ያውቃል ብዬ እሱን ያዝኩ።

እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። በዚያ ማርክአፕ ቃል ቦልድ (ደማቅ) የሚደረገው በፊቱና በኋላው ሁለት ሁለት ኮከብ (**) በማድረግ ነው፤ የሚሠራው ግን ከፊተኛው ሁለት ኮከብ በፊት ስፔስ ወይም ሥርዓተ ነጥብ ሲኖር ነው። አማርኛ ደግሞ በ፣ የ፣ ከ፣ ለን ከስሙ ጋር አጣብቆ ነው የሚጽፈው። ሉፕን (የኮድ ድግግሞሽን) ብቻ ላደምቅ «በ**ሉፕ**» ብዬ የጻፍኩት ሁሉ ከነኮከቡ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ብቻ አይቼ፣ እዚያ ደህና ስለነበር፣ 40 ቅጂ አሳትሜ ዳገቱን በሚኒባስ ወጣሁ።

ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይሄ ሁለት ኮከብ ርቢው ነው?» ፓይተን ውስጥ ሁለት ኮከብ ርቢ መሆኑን ባለፈው ሳምንት ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ደብተሯን አየሁት፤ «በ» ቁጥሩ፣ «ሉፕ» ርቢው ነው ብላ ልትፈታው ሞክራ ሦስት ጊዜ ሰርዛለች። ያልገባት እሷ መስሏት ነበር። ለማስተምርበት ማዕከል ኃላፊ እንደገና ይታተም ስለው «በእስክሪብቶ ይሰርዙት» ብሎ ሸኘኝ። ዛሬም ያናድደኛል። በራሴ ገንዘብ አሳተምኩ።

መመሪያው መፍትሔ አለው፦ ከ«በ» ቀጥሎ ባክስላሽ (\) እና ስፔስ አስገባ፣ ሲወጣ ሁለቱም ይጠፋሉ። ይሠራል፤ ግን በየዓረፍተ ነገሩ ሦስት አራቴ ባክስላሽ እየጻፈ አማርኛ የሚያስብ ሰው የለም። አትስሙት።

ማርክዳውን ወደሚባል ሌላ ማርክአፕ ዞርኩ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጣውን ኮመንማርክ የሚባል የማርክዳውን ደንብ የሚከተል መሣሪያ ምረጡ። ኮከቡ ከ«በ» ጋር ቢጣበቅም ቃሉ ይደምቃል። በኮከብ ፈንታ የሚገባው አንደርስኮር (_) ግን ቃል መሃል ስለማይሠራ ተዉት። ኢታሊክም (ዘመም ያለ ጽሑፍ) አትጠቀሙ፤ ፊደላችን ሲያዘም የሚወድቅ ነው የሚመስለው። አንድ ወጥመድ አለ፦ «ማስታወሻ፦»ን ከነሁለት ነጥብ ከሰረዙ በኮከብ ውስጥ ካስገባችሁና ቀጣዩን ቃል ያለ ስፔስ ካስከተላችሁ አይዘጋም። ምልክቱን ከኮከቡ ውጭ አድርጉት።

አሁን አዲስ መሣሪያ ስሞክር መጀመሪያ የምጽፈው «በሉፕ» ነው፣ ሉፕን ብቻ አድምቄ።