እንግሊዝኛዬን በዜማው በኩል ያስተካከልኩበት መንገድ

ጎንደር ፋሲል ግቢ እንግዳ አስጎበኛለሁ። ቃላት ብዙም አይቸግሩኝም ነበር፤ ሰዋስዉም ደህና ነው። ንግግሬ ግን ከላይ ተነስቶ እዚያው ላይ ይቀራል። እንግዶቹ መጨረሴን ስለማያውቁ ቆመው ያዩኛል። እኔም አያቸዋለሁ። ስለዚህ ቃል መሸምደዱን ተውኩና ድምፅ የት እንደሚነሳ፣ የት እንደሚወድቅ መልመድ ጀመርኩ።

ቶሎ የሠራልኝ ዝርዝር ነው። ግቢው ውስጥ የፋሲለደስ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋና የምንትዋብ ሕንፃዎች አሉ። በእንግሊዝኛ ሲዘረዘር እያንዳንዱ ስም ላይ ድምፁ ትንሽ ይነሳል፣ የመጨረሻው ላይ ይወድቃል። አሁን ምንትዋብ ላይ ስጥለው እንግዶቹ ራሳቸው መራመድ ይጀምራሉ።

ጥያቄ ላይ ደግሞ «ጥያቄ ከሆነ ድምፅ ከፍ» ተብለን ነው ያደግነው። ግማሹ እውነት ነው። «አር ዩ ታየርድ?» ዓይነቱ፣ አዎ ወይም አይደለም የሚባልለት፣ በአብዛኛው ይነሳል። «ዌር አር ዩ ፍሮም?» ግን በተለምዶ ይወርዳል። «ዌር» የሚለውን ጫን ብላችሁ ወደ ላይ ከሰቀላችሁት «የት ነው ያልከኝ? አልሰማሁህም» ይሆናል። «ሶሪ» እንኳ ሲወርድ ይቅርታ ነው፣ ሲነሳ ድገምልኝ ነው።

ብዙ የለፋሁት የሚወድቅበትን ቦታ በመለየት ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ ጋ «ዚስ ኢዝ ፋሲልስ ካስል» ስል ድምፄ «ካስል» ላይ ይወድቃል። ቀጣዩ ጋ «ኤንድ ዚስ ኢዝ ኢያሱስ ካስል» ስል ግን መውደቅ የሚጀምረው ኢያሱ ላይ ነው። ካስል መሆኑን አውቀዋልና እሱ ዝቅ ብሎ ያልፋል። አዲሱ ነገር ስሙ ነው። ሁለቱንም «ካስል» ላይ ከጣልኩት፣ ሰሚው ልዩነቱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። በእኔ ግምት አስተማሪዎች ከሁሉ በፊት ይህን ቢያሳዩ ይሻላል።

ልምምዱ ቀላል ነው፤ ሰው ፊት ግን ያሳፍራል። ከቢቢሲ ዜና አንድ ዓረፍተ ነገር እሰማና አቆማለሁ። አፌን ዘግቼ ዜማውን ብቻ አንጎራጉራለሁ። ቃሉ የሚመጣው ኋላ ነው፤ አዝማሪ መሰንቆውን አስቀድሞ ግጥሙን እንደሚያስከትለው። ከዚያ በስልክ ቀድቼ አነጻጽራለሁ። እናቴ መጀመሪያ ሰሞን «ምነው ልጄ፣ ሆድህን ነው?» ትለኝ ነበር።

ሁሉም ግን እንደ ዜና አንባቢ አይናገርም። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ብዙ ሰው ተራ ወሬውንም መጨረሻ ላይ ያነሳዋል። የሰሜን አየርላንዷ የቤልፋስት ከተማ ሰዎችም እንደዚያው። ስለዚህ ድምፁ በተነሳ ቁጥር ጥያቄ ነው ብዬ መልስ አልሰጥም።

አሁን የያዝኩት ወርዶ መልሶ የሚነሳውን ነው። እንግዳው «ዘ ሆቴል ኢዝ ናይስ» ይልና «ናይስ» ላይ ድምፁን ጥሎ ትንሽ ያነሳዋል። «ግን…» የሚል ነገር ሆዱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ድሮ «ቴንክ ዩ» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ምን እንደጎደለ እጠይቃለሁ። ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው።