ላይ ላዩን 11፣ መሐሉ 19

ለኢንተርንሺፕ የተመደብኩት ኮምቦልቻ፣ አንድ የእንጨት ውጤቶች ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። ሜትር፣ ስኳድራና የእርጥበት መለኪያ ይዤ እዞራለሁ። ያለቀ በር ከጥግ እስከ ጥግ በሁለቱም ሰያፍ ይለካል፤ ልኩ እኩል ካልመጣ በሩ ተንጋድዷል ማለት ነው። ይሄ ቶሎ ይለመዳል።

ከባዱ እርጥበቱ ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚሆን እንጨት ከ8 እስከ 12 በመቶ ቢሆን ይመረጣል። አንድ ቀን ለደሴ ደንበኛ በር የሚሆን የዋንዛ ጣውላ ቀረበ። የመለኪያውን ሁለት መርፌዎች ተጫንኩት፤ 11 አለ። ሌላውም፣ ሌላውም እንደዚያው።

የምርት ኃላፊው ቸኩሏል። «አንቺ ልጅ፣ ፈርሚና ማሽን ይግባ!»

የሚያሠለጥኑኝ ጋሼ ግን «አብሽሪ፣ ቆይ አንዴ ይቆረጥ» አሉ። ጫፍ ቶሎ ስለሚደርቅ ግማሽ ሜትር ያህል ገባ ብለው አስቆረጡት። ሰጋቱራው አልበነነም፤ መጋዙ ላይ ተለጠፈ። የተቆረጠው ፊት ዙሪያው ገረጣ ያለ፣ መሐሉ ጠቆር ያለ ነው። መርፌውን መሐሉ ላይ ስጫን 19 አነበበ።

ጣውላው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቆልሎ ነው የከረመው። የኮምቦልቻን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ውጩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ ውኃውን ይዞ ይቀራል። መርፌው ደግሞ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት በር ከሆነ በኋላ ቤት ውስጥ መድረቁን ይቀጥላል። በርዝመቱ እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ ግን ይሰበሰባል። ያኔ ማጋጠሚያው ይላላል፣ በሩም ይጣመማል።

ኃላፊው ተናደደ። «ደንበኛውን ምን ልበለው?» ጥያቄው እውነት ነው፤ ቀን ተቆርጧል፣ ቀብድ ተበልቷል። ጋሼ ግን ንቅንቅ አላሉም። ጣውላው መሐል መሐሉ ቀጭን እንጨት እየተደረገበት ጥላ ሥር እንደገና ተደረደረ፤ ነፋስ እንዲያገኘው። ደንበኛውም ተደውሎለት ቀኑ ተራዘመ።

እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነገር ነው። የጥራት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚጠራው ዕቃው ካለቀ በኋላ ነው። ኮላ ከተቀባና ቫርኒሽ ከተለቀለቀ ወዲያ መሐሉን ማን ሊያየው? ፍተሻው ጣውላው ከመኪና ሲወርድ መጀመር አለበት። ይህንኑ በሪፖርቴ ጻፍኩ፤ ከየጭነቱ ጥቂት ጣውላ ተቆርጦ ይለካ አልኩ። ጋሼ የመረከቢያው ፎርም ላይ «የመሐል እርጥበት» የሚል መስመር ጨመሩበት። የምርት ኃላፊውም ፈረመበት።