የደበዘዙ ደረሰኞች

የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ አንድ ደንበኛዬ የዓመቱን ደረሰኝ በፌስታል አንጠልጥሎ መጣ። «አንድም አልጣልኩም» አለኝ በኩራት። እውነቱን ነው፣ አልጣለም። ግን ግማሾቹ አይነበቡም። አንዱን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት፤ ከላይ የሱቁ ስም ጭረት ጭረቱ ይታያል፣ ጠቅላላ ድምሩ መኖር በነበረበት ቦታ ባዶ ወረቀት።

የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በቀለም አይታተምም። በሙቀት የሚጠቁር ኬሚካል ተቀብቶበት ነው። ፀሐይ፣ ቅባትና አንዳንድ ፕላስቲክ ሲነካው ጽሑፉ ይለቃል። እሱ ደግሞ ኪስ ቦርሳው ውስጥ ከካርዶቹ ጋር አጣብቆ ነው ያከረመው።

«አንቺ መላ አታጪም ብዬ እኮ ነው!»

ምን ልበለው? ከባንክ ስቴትመንት ጋር ስናመሳክር ዋልን። ባንኩ ብሩ መውጣቱን እንጂ ምን እንደተገዛ አይናገር። እሱም ረስቶታል።

ሰው ሥራችን መደመርና መቀነስ ይመስለዋል። አብዛኛው ጊዜያችን የሚያልቀው ግን የሌላ ሰው ትዝታ ስንቆፍር ነው። ደረሰኙን የዚያኑ ዕለት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ለምን እንደተገዛም አንድ መስመር ጻፉበት። የሙያ አጋሮቼ፣ እናንተም ደንበኞቻችሁን የግብር ማሳወቂያው ቀን እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በየሩብ ዓመቱ ደውሉላቸው። ይነጫነጫሉ፣ ይነጫነጩ።