ታሪፉ የቤት ብድር ላይም ደረሰ

ብዙ ሰው ታሪፍ (ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ቀረጥ) የሚነካው የዕቃ ዋጋን ብቻ ይመስለዋል። በ2025 እዚህ ሜሪላንድ ከባለቤቴ ጋር የቤት ብድር ስንጠይቅ ወለዱ ወደ 7 በመቶ ተጠግቷል አሉን። በጣም ከፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፕሪል 2 ቀን 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ታሪፉን ሲያውጁ አክሲዮን ወደቀ። ወትሮ እንዲህ ሲሆን ገንዘብ ወደ አሜሪካ መንግሥት ቦንድ (መንግሥት ገንዘብ ሲበደር ወደሚሰጠው የብድር ሰነድ) ይሸሻል፤ የቦንዱም ወለድ ይወርዳል። ያን ጊዜ ግን ባለሀብቶች ቦንዱንም ሸጡ! የ10 ዓመቱ ቦንድ ወለድ ከ4 በመቶ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ 4.5 ተጠጋ። የቤት ብድር ደግሞ እሱን ነው የሚከተለው። ኤፕሪል 9 አብዛኛው ታሪፍ ለ90 ቀን ቢቆምም በአብዛኛው አገር ዕቃ ላይ የተጣለው 10 በመቶ ያኔ አልተነሳም። የቻይናው እንዲያውም ጨመረ።

በወቅቱ ሥራ አጥነቱ 4.2 በመቶ ብቻ የነበረ ጠንካራ ኢኮኖሚ በገዛ እጅ ሲጎዳ ማየት ያናድዳል። ሁለት ሥራ እየሠሩ ቅድመ ክፍያ ያጠራቀሙ ወገኖቻችን ያሳዝኑኛል።