ኤክሳይቶኖቼ ሮጡ ብዬ ነበር

ተንግስተን ዳይሰልፋይድ የተባለውን ባለ ስስ ንብርብር ክሪስታል በፕላስተር መላጥ ከጀመርኩ ስድስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጋይም እና ኖቮሴሎቭ ግራፊንን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን የካርቦን ንጣፍ) የለዩበት ያው የፕላስተር ዘዴ ነው። ባለ አንድ ንብርብሩን ልጣጭ አሁን ዓይኔ ለምዶታል፤ ደብዛዛ ጥላ ነገር ነው። ማረጋገጫው ግን ሌዘር ነው። አረንጓዴ ሌዘር ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ቦግ ይላል። ሁለት ንብርብር ከሆነ ብርሃኑ ድክም ይላል።

ብርሃኑ የሚመጣው ከኤክሳይቶን ነው፤ ኤሌክትሮኑና ትቶት የተነሣው ባዶ ቦታ ተሳስበው ሲጣመሩ ማለት ነው። ቁሱ የሦስት አቶም ውፍረት ብቻ ስላለው ጥንዱ ጥብቅ ነው፤ የክፍል ሙቀት አይለያየውም።

የዚህ ሳምንት ሥራዬ ኤክሳይቶኖቹ ከመጥፋታቸው በፊት ምን ያህል እንደሚጓዙ መለካት ነበር። ሌዘሩ በአጭር ምት አንድ ነጥብ ይመታል። ስትሪክ ካሜራ የሚባለው እጅግ ፈጣን ካሜራ ቀዩ ነጥብ በፒኮሰከንዶች (በሰከንድ ትሪሊዮንኛዎች) ውስጥ እንዴት እንደሚሰፋ ይመዘግባል። የስፋቱ ስኩዌር በጊዜ ሲያድግ፣ የመስመሩ ተዳፋት የስርጭቱን ፍጥነት ይነግራችኋል። ለእኔ በሰከንድ 12 ስኩዌር ሴንቲሜትር ወጣ። ጮቤ ረገጥኩ።

አንድ ነባር የላብ ጓደኛዬ ግራፉን አየና «ሌዘሩን ስንት አድርገሽው ነው?» አለኝ። በቃ፣ ደስታዬ እዚያው ከሰመ። ኃይሉን ወደ አንድ አስረኛ አወረድኩት፤ ቁጥሩም ተከትሎ ወረደ። ደግሜ ቀነስኩ። ብርሃኑ ከመሳሳቱ የተነሣ አንዱ ልኬት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ፤ በመጨረሻ 0.4 ላይ ቆመ።

ለካ አልሮጡም። ነጥቡ መሐል ሲጨናነቁ ሁለት ኤክሳይቶኖች ይጋጩና አንዱ ጉልበቱን ለሌላው አስረክቦ፣ ብርሃን ሳይሰጥ ይጠፋል። መሐሉ ቶሎ ይደበዝዛል፤ ዳሩ ይቆያል። የጤፍ ክምር ጫፉ ሲነሣ እግሩ የሰፋ ይመስል የለ? እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ላይ በዚሁ ቁስ፣ የኤክሳይቶኖቹ ብዛት ብቻ ሲለወጥ ቁጥሩ ከ0.3 ተነሥቶ ከ30 በላይ ደርሷል። ቀድሜ ባነበው ኖሮ!

አሁን ልጣጩን በሁለት የቦሮን ናይትራይድ ንብርብሮች መሐል ለማሸግ እየታገልኩ ነው። ሦስቱን ቀዳድጃቸዋለሁ። እናንተ ንብርብሮቹን አንሥታችሁ የምታስቀምጡበትን የማንሻ ፊልም ስንት ዲግሪ ሙቀት ላይ ነው የምትለቁት?